ከውሉ ውጪ የቀረው ሕፃን፦ የእናት ጡት ወተት ግብይትና ሥነ ምግባሩ

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በማርች 2017 የካምቦዲያ መንግሥት አንድ ያልተለመደ የወጪ ንግድ አገደ። በዋና ከተማዋ በፕኖም ፔን ከሚኖሩ ድሃ እናቶች የሚሰበሰብ የጡት ወተት ቀዝቅዞ በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ ይጓዝ፣ መቀመጫውን በዩታ ግዛት ያደረገው አምብሮዥያ ላብስ የተባለ ኩባንያም ከጀርም አጽድቶ ለአሜሪካውያን ወላጆች ይሸጠው ነበር። 147 ሚሊ ሊትር የሚይዘው አንዱ እሽግ በ20 ዶላር ይሸጥ እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። ጉዳዩ ይፋ ሲወጣ ሁለት ተቃራኒ ድምፆች ተሰሙ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) ንግዱ ድሆችንና ለጥቃት የተጋለጡ ሴቶችን የሚበዘብዝ መሆኑን ገልጾ አወገዘው፤ የሚተርፍ ወተት ካለም የምግብ እጥረት ላለባቸው የካምቦዲያ ሕፃናት ሊቀር እንደሚገባ አሳሰበ። ወተታቸውን ይሸጡ ከነበሩት እናቶች አንዳንዶቹ በበኩላቸው ገቢው ኑሯቸውን ደግፎ እንደነበርና መቋረጡ እንዳሳዘናቸው ለጋዜጠኞች ተናገሩ።

በእናት ጡት ወተት ግብይት ላይ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ በሁለት ሰዎች መካከል ይመላለሳል፤ በሻጯ እናትና በገዢው። እናትየዋ የተስማማችው በነጻ ፈቃዷ ነው ወይስ ድህነት አስገድዷት? የተከፈላት ዋጋ ተገቢ ነው ወይስ አነስተኛ? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁንና በዚህ ውል ውስጥ ሳይጠየቅ፣ ሳይፈርምና ድርሻው ሳይለይለት የሚገባ ሦስተኛ ሰው አለ፤ እርሱም የሻጯ የራሷ ሕፃን ነው። ወተቱ የመነጨው በእርሱ መወለድ ምክንያት ነው፤ ወተቱ ሲሸጥ የመጀመሪያው ተጎጂ ሊሆን የሚችለውም እርሱ ነው። የግብይቱ ሥነ ምግባራዊነት ሊመዘን የሚገባው ስለዚህ ከሻጭና ከገዢ ስምምነት አስቀድሞ በዚህ ሕፃን ሁኔታ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ለአንዲት እናት ጊዜና ድካም መክፈል የሚነቀፍ አይሆንም። ወተቷን በልኬት ተምኖ ለትርፍ መነገድ ግን ሊፈቀድ አይገባም።

ፍላጎቱ እውነተኛ ነው

የሰው ወተት በቀላሉ የሚተካ ምግብ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከእናት ጡት ወተት በቀር ሌላ ምግብም ሆነ ውኃ እንዳይሰጠው ይመክራል። ወተቱ ሕፃኑን ከመመገብ አልፎ ከበሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችን ይይዛል። ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው ጊዜያቸው ሳይደርስ በተወለዱና ክብደታቸው እጅግ አነስተኛ በሆነ ሕፃናት ላይ ነው። እነዚህ ሕፃናት የአንጀታቸው ግድግዳ ለሚቆስልበትና ሕብረ ሕዋሱ ለሚሞትበት አደገኛ ሕመም የተጋለጡ ናቸው። በርካታ የሕክምና ሙከራዎችን በአንድነት የመረመሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሰው ሠራሽ የሕፃናት ወተት የሚሰጣቸው፣ የለጋሽ እናት ወተት ከሚሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በዚህ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ወደ እጥፍ ይጠጋል።

በዚህም ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት የእናታቸውን ወተት ማግኘት ላልቻሉ ዝቅተኛ ክብደት ያላቸው ሕፃናት፣ ደኅንነቱ የተጠበቀ የወተት ባንክ ባለበት ስፍራ፣ የለጋሽ እናት ወተት እንዲሰጣቸው ይመክራል። የወተት ባንክ አዲስ ነገር አይደለም፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1909 በቪየና ተከፍቷል። በዛሬው አሠራር ለጋሿ በደም ምርመራ ከኤች አይ ቪና በወተት ሊተላለፉ ከሚችሉ ሌሎች በሽታዎች ነጻ መሆኗ ይረጋገጣል፤ የታለበው ወተት በ62.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል፤ ከዚያም ወዲያው ቀዝቅዞ ይቀመጣል። ወተት ከአንዲት እናት ወደ ሌላዋ እናት ልጅ መተላለፉ እንግዲህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ሕይወትም ያድናል። የሚያጠያይቀው የሚተላለፍበት መንገድ ነው።

ባለቤት ያለው ሀብት

የሰውን አካል ለገበያ ማቅረብን የሚያወግዝ ክርክር ብዙ ጊዜ ከኩላሊት ይነሣል። ኩላሊት አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ ወተት ግን በየዕለቱ ይተካል። ከዚህ አንጻር ወተት ይበልጥ የሚቀርበው ለደም ነው። የደምን ጉዳይ በሚመለከት እንግሊዛዊው የማኅበራዊ ፖሊሲ ምሁር ሪቻርድ ቲትመስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተውን የብሪታንያን አሠራር ክፍያ ከተቀላቀለበት ከአሜሪካው ጋር አነጻጽሮ፣ ክፍያ የደሙን ጥራት እንደሚያጓድልና የመስጠትን መንፈስ እንደሚያዳክም ተከራክሯል። የወተት ገበያን የሚቃወሙ ብዙዎች ዛሬም በዚህ ክርክር ይደገፋሉ።

ይሁን እንጂ የደም ንጽጽርም ሙሉ አይደለም። አንድ ሰው ደም ሲለግስ ያንኑ ደም የሚጠብቅ ሌላ ሰው በቤቱ ተኝቶ አያለቅስም። ወተት ግን ከመነሻው ባለቤት አለው። ይህን ልዩነት ያላገናዘበ የሥነ ምግባር ክርክር፣ ገበያውን ቢደግፍም ቢቃወምም፣ ዋናውን ነገር ይስታል።

የገበያው ደጋፊዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ ከተፈጥሮ የተወሰደ ነው። ወተት ከጡት በወጣ መጠን ጡት ተጨማሪ ያመነጫል፤ ስለዚህ ለገበያ የታለበው ወተት ከሕፃኑ አፍ የተነጠቀ አይደለም ይላሉ። ይህ አባባል ከፊል እውነት አለው፤ ከልጇ የሚተርፍ ወተት ያላት እናት አለች። ነገር ግን ልጇን ሙሉ በሙሉ የምታጠባ እናት ለዚሁ ብቻ በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋታል። ከዚህ በላይ ስታልብ ፍላጎቷ በዚያው ልክ ይጨምራል። ወተት ለመሸጥ የሚያበቃ ችግር ያለባት ሴት ይህን ጭማሪ ከገበታዋ ታገኛለች ብሎ መገመት አስቸጋሪ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን «ትርፍ» የሚለው ቃል ዋጋ ሲቆረጥለት ትርጉሙ ይለወጣል። ያለ ክፍያ የምትሰጥ እናት ትርፏን የምታውቀው ልጇ ጠግቦ ጡቷን ሲለቅ ነው። በአውንስ ለሚከፈላት እናት ግን ልጇ የሚጠባው እያንዳንዱ አውንስ ያልተገኘ ገቢ ሆኖ ይቆጠራል። ይህን ለማለት እናቶችን በክፉ መጠርጠር አያስፈልግም። የቤት ኪራይ ቀኑ የደረሰባት፣ የታላቅየው ልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ የተጠየቀባት እናት ሕፃኑን ለጥቂት ቀናት በሌላ ነገር ብታባብለው ሌሎች ልጆቿን ስለምትወድ ነው። ጥፋቱ ያለው አንዱን ልጇን ከሌላው ጋር በሚዛን እንድታስቀምጥ በሚያስገድዳት የክፍያ ሥርዓት ላይ ነው።

የ1874ቱ ጥያቄ

ይህ አደጋ የማቀዝቀዣ ዘመን የወለደው አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳይ የከተማ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በደመወዝ ለሚያጠቡ ሴቶች መስጠታቸው የተለመደ ነበር። በተለይ ሞርቫን ከተባለው የቡርጎኝ ገጠር የሚመጡ ሴቶች በፓሪስ ባለጸጎች ቤት እየተቀጠሩ የሰው ልጅ ሲያጠቡ፣ የራሳቸው ሕፃናት በመንደር በዘመድ እጅ ይቀሩ ነበር። የፓሪሱ ሕፃን ሲወፍር የሞርቫኑ ሕፃን ምን እየበላ እንዳደገ የሚጠይቅ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1874 በሐኪሙና በሕግ አውጪው በቴዎፊል ሩሴል ስም የሚጠራው ሕግ ወጣ። ሕጉ በዋናነት የተጻፈው ለማጥቢያ ከቤት ወጥተው የሚሰጡትን ሕፃናት ለመጠበቅ ነው። ሆኖም አንድ ድንጋጌው ወደ ሌላኛው ሕፃን ዞሮ ተመለከተ። በሌላ ሰው ቤት ለማጥባት የምትቀጠር ሴት የመጨረሻ ልጇ በሕይወት መኖሩንና ሰባት ወር የሞላው መሆኑን፣ ካልሞላውም በሌላ አጥቢ ሴት እየጠባ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንድታቀርብ አዘዘ። ሕጉ ክፍያን አልከለከለም፤ ሴቲቱንም አላወገዘም። የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ የሷ ልጅ የት ነው?

ሕጉ በየአውራጃው እኩል አልተፈጸመም። ጥያቄው ግን ከዘመኑ አልፎ የሚሄድ ነው፤ ዛሬም ያስፈልጋል። የዛሬውን ገበያ ከያኔው የሚለየው ሴቲቱ በቦታዋ ቀርታ ወተቷ ብቻ መጓዙ ነው። በያኔው ፓሪስ አጥቢዋ በአሠሪዎቿ ቤት ትኖር፣ ልጅ ጥላ መምጣቷም ይታወቅ ነበር። በዛሬው ገበያ ገዢው የሚያየው የታሸገ ንጹሕ ከረጢትና የዋጋ ምልክት ነው። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር የሻጯ ልጅ ከዓይን ይሰወራል፤ ከዓይን የተሰወረ ሕፃንም ከሒሳብ ይወጣል።

ዲትሮይት፦ ጥያቄው በድጋሚ ሲነሣ

ያው ጥያቄ በዘመናችን በግልጽ ከተነሣባቸው ስፍራዎች አንዷ የአሜሪካዋ ዲትሮይት ናት። ሜዶላክ ላቦራቶሪስ የተባለ ኩባንያ በከተማዋ የሚኖሩ አፍሪካውያን አሜሪካውያን እናቶች በአንድ አውንስ፣ ማለትም በ30 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ አንድ ዶላር እየተከፈላቸው ወተት እንዲሸጡ ለማድረግ አቀደ። ኩባንያው ክፍያው እናቶች ጡት ማጥባትን ለረጅም ጊዜ እንዲቀጥሉ ያበረታታል የሚል ምክንያት አቅርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 የጥቁር እናቶች የጡት ማጥባት ማኅበር ለኩባንያው ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ተቃዋሚዎቹ ሁለት ነገሮችን አስታወሱ። አንደኛው ታሪክ ነው፤ በባርነት ዘመን ጥቁር ሴቶች የጌቶቻቸውን ልጆች እንዲያጠቡ ሲገደዱ የራሳቸው ልጆች ከጡት ይነጠቁ ነበር። ሁለተኛው የዘመኑ እውነታ ነው፤ በአገሪቱ ጡት የመጥባት ዕድላቸው ዝቅተኛ ከሆነ ሕፃናት መካከል የነዚሁ እናቶች ልጆች ይገኙበታል። ኩባንያው ዕቅዱን ተወው።

የኩባንያው ምክንያት ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። ገቢ የምታገኝ እናት ማለብ ልትቀጥል ትችላለች። ነገር ግን ማለብ መቀጠል ማለት ልጅን ማጥባት መቀጠል ማለት አይደለም። ክፍያው የሚለካው ከቤት በወጣው ወተት እንጂ በቤት በጠጣው ሕፃን አይደለምና። እናቶች ረጅም ጊዜ እንዲያጠቡ የሚፈልግ ማንኛውም አካል ከሁሉ አስቀድሞ ሊከፍልበት የሚገባው ነገር በደመወዝ የተደገፈ የወሊድ ፈቃድና በሥራ ቦታ የማጥቢያ ጊዜ ነው።

ዋጋ በልኬት ሲሆን

በልኬት የሚከፈል ዋጋ ሁለተኛ ጉዳት አለው፤ እርሱም በተቀባዩ ሕፃን ላይ የሚደርሰው ነው። በአሜሪካ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በኢንተርኔት ከግለሰቦች የተገዙ 101 የእናት ወተት ናሙናዎችን መርምሮ 74 በመቶ የሚሆኑት ጎጂ ሊሆኑ በሚችሉ ባክቴሪያዎች ወይም በከፍተኛ የባክቴሪያ መጠን የተበከሉ መሆናቸውን አረጋገጠ። በ2015 የታተመው የዚያው ቡድን ጥናት ደግሞ ከ102 ናሙናዎች በ11ዱ ውስጥ የላም ዘረ መል አገኘ፤ ከነዚህም በአሥሩ የተገኘው መጠን ቢያንስ አሥር በመቶ የላም ወተት እንደተቀላቀለባቸው የሚያመለክት ነበር። እያንዳንዱ ቅልቅል ሆን ተብሎ የተሠራ ነው ብሎ መደምደም ባይቻልም ምክንያቱ ለማንም የሚሰወር አይደለም። ከወተት ነጋዴ ጋር የኖረ የከተማ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ወተት በሊትር ሲሸጥ ውኃም በሊትር ይሸጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ገና በ2010 ወላጆች በቀጥታ ከግለሰቦች ወይም በኢንተርኔት የተገኘ ወተት ለሕፃናት እንዳይሰጡ አስጠንቅቆ ነበር።

ሦስተኛው ጉዳት የድልድል ጉዳት ነው። ገበያ ወተቱን የሚያደርሰው በጣም ለሚያስፈልገው ሳይሆን በጣም ለሚከፍለው ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 በለንደን ኮቨንት ጋርደን አንድ ሱቅ ከእናት ጡት ወተት የተሠራ አይስክሬም በ14 ፓውንድ ለአዋቂዎች መሸጥ ጀምሮ፣ የአካባቢው ምክር ቤት ለምርመራ ወስዶታል። ነገሩ እንደ ቀልድ የተወራ ቢሆንም የሚያሳየው መርሕ ቀልድ አይደለም። ወተት እንደማንኛውም ሸቀጥ ከታየ፣ አንድ ኪሎ ግራም ከማይሞላው ሕፃን ይልቅ ጣዕሙን ለመሞከር የፈለገ ጎልማሳ ይቀድማል፤ ገበያውም በዚህ ላይ የሚናገረው አንዳች ነገር የለውም።

የእናትየዋ ድካም ዋጋ የለውምን?

በገበያው ተቃዋሚዎች ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ግን ከኩባንያዎች የሚመጣ አይደለም። የሚመጣው ለሴቶች መብት ከሚቆረቆሩ ወገኖች ነው። ወተቱ ከእናትየዋ ተነሥቶ ወደ ታማሚው ሕፃን እስኪደርስ ድረስ የላቦራቶሪ ባለሙያው፣ ሾፌሩ፣ ነርሷና ሐኪሙ ሁሉ ይከፈላቸዋል። ለጋሾቻቸው የማይከፈላቸው የበጎ አድራጎት ባንኮች እንኳ ለማዘጋጃ ወጪያቸው ከሆስፒታሎች ክፍያ ይቀበላሉ። ያለ ዋጋ እንድትሠራ የምትጠየቀው ሥራው ያለ እርሷ የማይጀመር እናት ብቻ ናት። የእናትነትን ክብር ከፍ አድርጎ ማወደስ የሴትን ድካም በነጻ ለመውሰድ ሲያገለግል የኖረ መሆኑም አይካድም። በዚህ ላይ የካምቦዲያዎቹን እናቶች ገቢ ያቋረጠው እገዳ በምትኩ የሰጣቸው ነገር አልነበረም። የድሃን ሴት ጥቂት አማራጮች አንዱን ዘግቶ «ከብዝበዛ አዳንኩሽ» ማለት የበላዩን ሰው ኅሊና እንጂ የእርሷን ጓዳ አይሞላም።

ይህ ተቃውሞ ትክክለኛ ነው፤ መልሱም ክፍያን ጨርሶ መከልከል አይደለም። መልሱ የሚከፈልበትን ነገር መለየት ነው። ማለብ፣ ዕቃን ማጽዳት፣ መመርመር፣ ማመላለስ ድካምና ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ለዚህ መክፈል ተገቢ ነው። ወተቱን ራሱን በመጠን ተምኖ መግዛት ግን ሌላ ነው። ይህ ልዩነት በቃላት መጫወት እንዳልሆነ የሚያስረዳ ጥንታዊ ምሳሌ በእስልምና የሕግ ትምህርት ውስጥ ይገኛል። ሁሉም የሕግ መዝሀቦች ለአጥቢ ሴት ደመወዝ መክፈልን ይቀበላሉ፤ ከጡት ወጥቶ በዕቃ የተቀመጠን ወተት መሸጥ ግን የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት ወተቱ የሰው አካል ክፍል ነው በማለት ሲከለክሉት የሻፊዒ መዝሀብ ሊቃውንት ይፈቅዱታል። ከብዙ ዘመናት በፊት የተነሣው ይህ ክርክር የዛሬውን ጥያቄ አስቀድሞ ነክቶታል። ሴቲቱ ለምትሰጠው አገልግሎት መከፈልና ከሴቲቱ የወጣው ነገር መነገጃ መሆን አንድ አይደሉም።

ልዩነቱ በተግባር ቀላል ውጤት አለው። ለጋሿ ለምርመራ የምትመጣበት ቀን፣ የመጓጓዣዋ፣ የማለቢያ ዕቃዋና የጊዜዋ ዋጋ በተወሰነ ልክ ይከፈላት፤ የሰጠችው ወተት ቢጨምር ክፍያው አይጨምር፣ ቢቀንስም አይቀንስ። ያን ጊዜ የልጇ እያንዳንዱ ጥባት የጠፋ ገቢ መሆኑ ያበቃል። ውኃ የሚጨመርበትም ምክንያት አይኖርም። የተወሰነ ክፍያም ቢሆን ችግረኛዋን እናት ሊስብ መቻሉ እውነት ነው። ለዚህ ነው የሩሴል ሕግ ጥያቄ አብሮ መቆም ያለበት። ባንኩ ወተት ከመቀበሉ በፊትና በየወሩ የለጋሿን ሕፃን ክብደት ይለካ፤ ሕፃኑ በሚገባው ልክ ካላደገ እናትየዋ ክፍያዋ ሳይቋረጥ ልገሳውን ታቁም። እንዲህ ሲሆን ልጇን ማስቀደም ገቢ አያሳጣትም።

ሊሠራ እንደሚችል

ያለ ወተት ገበያ ሕፃናት ይሞታሉ የሚለው ሥጋት በብራዚል ልምድ ይፈተናል። በዚያች አገር የመጀመሪያው የወተት ባንክ እ.ኤ.አ. በ1943 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ሲከፈት እናቶች ለሚሰጡት ወተት ይከፈላቸው ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን አሠራሩ ተለውጦ በመንግሥት የጤና ሥርዓት ውስጥ ተካተተ፤ ሽያጭ ቀረ፤ ባንኮቹም እናቶችን ስለ ጡት ማጥባት የሚያማክሩና የሚያግዙ ማዕከላት ሆኑ። እናቶች ወተት የሚያስቀምጡት በታጠበና በተቀቀለ ባዶ የቡና ብርጭቆ ማሰሮ ነው፤ በአንዳንድ ከተሞች የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከየቤቱ እየዞሩ ይሰበስባሉ። ዛሬ መረቡ ከ200 የሚበልጡ ባንኮች አሉት። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2001 ለሥራው የሳሳካዋ የጤና ሽልማት ሰጥቶታል። የብራዚል ስኬት ምሥጢር ለጋሿ ከወተት ምንጭነት ይልቅ እንደ አጥቢ እናት መታየቷ ነው። ወደ ባንኩ የምትመጣው ሴት መጀመሪያ የራሷን ልጅ ለማጥባት እርዳታ ታገኛለች፤ የሚተርፈው ከዚያ በኋላ ነው የሚታወቀው።

ሕንድም ወደዚሁ አቅጣጫ ሄዳለች። የእናት ወተት የሚያቀነባብሩ የንግድ ድርጅቶች ብቅ ካሉ በኋላ፣ የአገሪቱ የምግብ ደኅንነትና ደረጃዎች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ባወጣው ማሳሰቢያ የሰው ወተትን ለንግድ ማቀነባበርና መሸጥ በሕጉ እንዳልተፈቀደ አስታውቆ፣ ፈቃድ ሰጪ አካላት ለዚህ ሥራ ፈቃድ እንዳይሰጡ አዟል። ልገሳው ግን በሕዝብ የጤና ተቋማት በኩል ይቀጥላል።

ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

በኢትዮጵያ የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው ከስድስት ወር በታች ከሆኑ ሕፃናት የእናት ጡት ወተት ብቻ የሚመገቡት 58 በመቶ ነበሩ። የ2019ኙ አነስተኛ ጥናት ደግሞ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ በመጀመሪያው ወር እንደሚሞቱ አሳይቷል። የለጋሽ ወተት የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት እንዳሉ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። ጥያቄው ግን ከባንክም ከገበያም በፊት ይጀምራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ለእናት የሚሰጠው 90 የሥራ ቀን ነው፤ የጤና ምክሩ የሚለው ስድስት ወር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት እናትየዋ በራሷ ብልሃት እንድትሞላው የተተወ ነው። በግለሰብ ቤት የምትሠራ ሴት ደግሞ ይህ አዋጅ እንኳ አይሸፍናትም። የራሷን ሕፃን ለእናቷ ትታ በከተማ የሰው ልጅ የምታሳድግ ሞግዚት ወተቷን አልሸጠችም፤ ልጇ ግን ከሞርቫኑ ሕፃን በምንም አይለይም። የሩሴል ጥያቄ ለእርሷም ሊጠየቅላት ይገባል።

በአገሪቱ ወተት ዝምድናን ይፈጥራል። «የጡት ልጅ» የሚለው ስያሜ ያልወለዱትን ልጅ እንደ ወለዱት የመቀበል ባህል ምልክት ሆኖ ኖሯል። በሙስሊሞች ዘንድም ከአንዲት ሴት የጠቡ ልጆች እንደ ወንድምና እኅት ስለሚቆጠሩ አይጋቡም። እ.ኤ.አ. በ1985 የእስልምና ጉባኤ ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ በሙስሊም አገሮች የወተት ባንክ መቋቋምን የተቃወመው፣ በ2019 መጨረሻም በዳካ የተዘጋጀ የወተት ባንክ ሥራ ሳይጀምር የተገታው በዚሁ ሥጋት ነው። የብዙ ሴቶችን ወተት ቀላቅሎ ስም በሌለው እሽግ የሚሸጥ ገበያ ይህን ዝምድና ሊያውቀውም ሊያከብረውም አይችልም። አንዲት ለጋሽ ለአንድ ሕፃን የምትመደብበት፣ የሁለቱም ቤተሰቦች ማንነት የሚመዘገብበትና የሚተዋወቁበት አሠራር ግን ሊያከብረው ይችላል። በባህሉ ዘንድ ወተት የሰጠች ሴት ከሕፃኑ ሕይወት ስሟ አይፋቅም፤ የሚቋቋም ተቋም ካለ ከዚህ መማር ይገባዋል።

ማጠቃለያ

የእናት ጡት ወተት ግብይትን በጭፍን ማውገዝ የድሃዋን እናት ድካም ይንቃል፤ በጭፍን መፍቀድ ደግሞ ልጇን ይረሳል። ከሁለቱም የሚሻለው መንገድ ለሥራዋ መክፈል፣ ወተቷን ግን በመጠን አለመግዛት፣ ለትርፍ አለመነገድና ከአገር አለማስወጣት ነው። የተገኘው ወተት በሐኪም ውሳኔ እጅግ ለሚያስፈልገው ሕፃን ይድረስ፤ ምንጩ ይታወቅ፤ የለጋሿ ልጅ ዕድገትም ይመዝገብ። ከነዚህ ሁሉ በፊት ግን ማንኛዋም እናት ልጇን ለማጥባት የሚበቃ ጊዜና ምግብ ታግኝ።

አንድ ሕግ አውጪ፣ አንድ ሆስፒታል ወይም አንድ ነጋዴ በዚህ ጉዳይ ላይ ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት ብዙ ሰነድ ማገላበጥ ላያስፈልገው ይችላል። በ1874 የተጠየቀችው አጭር ጥያቄ ትበቃዋለች፦ የሷ ልጅ የት ነው? ለዚህች ጥያቄ በግልጽ መመለስ የማይችል አሠራር፣ የሚያድነው ሕፃን ቢኖር እንኳ፣ የሌላውን ሕፃን ዕዳ ተሸክሞ የሚሄድ ነው።